ጅማ ላይ የሚሠራ የራዳር አፕ የትኛው ነው? (ዶፍ፣ በረዶና መብረቅ ቀድሞ ለማየት)

ሰርቦ_ጀንፈል | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለመድረኩ። ሰርቦ አቅራቢያ ላለ የቡና ማድረቂያ ሳይት የራዳር አፕ መምረጥ ተፈልጎ ነው። አልጋው 24 ነው። አንዱን አልጋ ላስቲክ ለማልበስ ሁለት ሰው 4 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ሠራተኛ 6 ነው። ስልኩ አንድሮይድ ነው፣ 3 ጊጋ ራም። ዳታው በጥቅል የሚገዛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አኒሜሽን ማጫወት አይቻልም።

አሁን ስልኩ ላይ ሦስት አፕ አለ። ሦስቱም "ራዳር" የሚል ቁልፍ አላቸው፣ ሦስቱም የሚያሳዩት ለየቅል ነው። አንዱ ዶፍ እየወረደ "የሚቀጥለው አንድ ሰዓት ደረቅ ነው" ይላል፣ ሌላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አረንጓዴ ይቀባል። ገንዘብ ተከፍሎ የተሻለ ቢገዛ ይስተካከላል ወይስ ነገሩ ሌላ ነው?

---

ሔርማታ_ቴክ | ከምሽቱ 1፡52

ራዳርስኮፕ ግዛና ተገላገል። አሜሪካ ያሉት አውሎ ነፋስ አሳዳጆች ሁሉ የሚጠቀሙት እሱን ነው።

---

ደመና_ቆጣሪ | ከምሽቱ 2፡30

ሔርማታ፣ አፑ ጎበዝ ነው፤ ግን ለጅማ አይሆንም። ራዳርስኮፕ የሚስለው ከመሬት ጣቢያ በቀጥታ የሚመጣውን መረጃ ነው። ዋናው የአሜሪካው ኔክስራድ መረብ ሲሆን ወደ 160 ጣቢያ አለው፤ ከዚያ ውጭ ያሉት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እዚህ የሚመረጥ ጣቢያ ስለሌለው ሰርቦ ላይ ብትከፍተው ባዶ ካርታ ነው የምታየው። ለባዶ ካርታ አትክፈሉ።

ሰርቦ፣ የጥያቄህ መልስ "ነገሩ ሌላ ነው" የሚለው ነው። በየአፑ የሚታየው "ራዳር" የሚል ቁልፍ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ከጀርባው ከሦስቱ አንዱ ይኖራል፦ እውነተኛ የመሬት ራዳር፣ ከሳተላይት የደመና ሙቀት ተገምቶ የተሰላ ዝናብ፣ ወይም የትንበያ ሞዴል (በኮምፒውተር የሚሰላ ትንበያ) ውጤት። ለጅማ የመጀመሪያው የለም፤ እነዚህ ዓለም አቀፍ አፖች የሚጠቀሙበት የራዳር መረብ እኛን አይሸፍንም። ስለዚህ የምታዩት ቀለም ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው። ዶፍ እየወረደ "ደረቅ" ያለህ አፕ ሞዴል እያነበበ ነው። በጠራ ሰማይ አረንጓዴ የሚቀባው ደግሞ ከላይ ያለ ስስ ቀዝቃዛ ደመና አይቶ ዝናብ መስሎት ሊሆን ይችላል።

"አዲስ አበባ ላይ አንድ ራዳር ቢኖርስ?" የሚል ይኖራልና እሱንም ላንሳ። የራዳር ጨረር እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል፣ ምድር ክብ ስለሆነችም ከሥሩ እየዘቀጠች ትሄዳለች። በ0.5 ዲግሪ ቀና ብሎ የተላከ ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከራዳሩ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 200 ኪሎ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ጅማ በአየር መስመር ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚህ ሲደርስ ከፍታው 6 ኪሎ ሜትር አልፏል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ጨረሩ ጅማ ላይ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። የደመናውን አናት ይነካል እንጂ ከሥር የሚወርደውን ዝናብ አያይም። በመሃል ያሉትን ተራሮች ሳንቆጥር ማለት ነው።

---

የቆጪዋ | ከምሽቱ 2፡48

ጋሽ ደመና፣ አንድ አፕ የትኛውን እንደሚያሳይ በምን ይለያል? ሁሉም "ቀጥታ" ነው የሚሉት።

---

ደመና_ቆጣሪ | ከምሽቱ 3፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። አራት ነገር ተመልከቺ።

አንደኛ፣ ጅማ ላይ እስኪበቃሽ አቅርቢው። ቀለሙ ባለብዙ ኪሎ ሜትር አራት ማዕዘን ወይም እንደ ቅቤ የቀለጠ ለስላሳ ጠርዝ ከሆነ ሞዴል ነው። ታዋቂዎቹ ሞዴሎች የፒክስላቸው ስፋት እንዲህ ነው፦ የአውሮፓው ኢሲኤምደብሊውኤፍ 9 ኪሎ ሜትር፣ የጀርመኑ አይኮን 13፣ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ዊንዲ በሚባለው የአየር ሁኔታ አፕ ላይ 22። በ9 ኪሎ ሜትር ስሌት ሰርቦና ጅማ ሁለት ሦስት ፒክስል ብቻ ናቸው የሚለያዩት።

ሁለተኛ፣ የሰዓት መንሸራተቻውን ከ"አሁን" ወደ ነገ ግፊው። ምስሉ ሳይቆረጥ፣ መልኩ ሳይለወጥ ነገ ድረስ ከቀጠለ መጀመሪያውም ሞዴል ነበር። የተለካ ነገር "አሁን" ላይ ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ሽፋኑን ፈልጊ። ሬይንቪወር የሚባለው አፕ የራዳር ሽፋኑን ለይቶ ያሳያል፤ አውሮፓን ከፍተሽ ከእኛ ጋር አወዳድሪው። ዊንዲ ደግሞ "ራዳር ፕላስ" በሚለው ሌየር ራዳር ባለበት ራዳሩን፣ በሌለበት ሳተላይቱን ደርቦ ነው የሚያሳየው። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፣ የትኛውን እያየሽ እንደሆነ ማወቅ ነው እንጂ።

አራተኛ፣ ምስሉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት። ሰዓት የማይጽፍ አፕ ከሆነ አጥፊው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

---

ሰርቦ_ጀንፈል | ከምሽቱ 3፡22

እሺ ጋሼ። እንግዲህ ራዳር ከሌለ ምን እንያዝ?

---

ደመና_ቆጣሪ | ከምሽቱ 4፡05

ሳተላይት፣ መብረቅ፣ ዓይን። በዚህ ቅደም ተከተል።

ሳተላይቱ ሜቴዎሳት ነው። አዲሱ ትውልድ (ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወደ ላይ የተላከው ሜቴዎሳት 12) ከምዕራብ አፍሪካ በስተደቡብ ካለው ባሕር አናት፣ ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ቆሞ በየ10 ደቂቃው ሙሉውን ገጽ ያነሳል። የቀድሞዎቹ በየ15 ደቂቃው ነበሩ። በነፃ የሚታይበት የሳተላይቱ ባለቤት የአውሮፓው ድርጅት (ዩሜትሳት) የራሱ ካርታ ዩሜትቪው ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ዙም ኧርዝ ወይም ዊንዲ ውስጥ ያለው "ሳተላይት" ሌየር ይበቃል። ዊንዲ ስትሉ ዊንዲ ዶት ኮምን ነው፤ ዊንዲ ዶት አፕ የሚባለው ሌላ ድርጅት ነው፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የማይፈልገውን ያወርዳል።

ቀን ላይ ዩሜትቪው ውስጥ የነጎድጓድ ደመናን ለመለየት የተዘጋጀውን የቀለም ቅይጥ (ኮንቬክሽን አርጂቢ) ምረጡ። ወፍራም የበረዶ ደመና ቀይ ይሆናል፤ ደማቅ ቢጫ ካያችሁ ግን አየሩ በኃይል እየወጣ ገና ደቃቅ በረዶ እየተሠራ ነው ማለት ነው። በረዶ ሊጥል የሚችለው እሱ ነው። ይህ ቅይጥ የፀሐይ ብርሃን ስለሚፈልግ ከ12 ሰዓት በኋላ አይሠራም። ማታ ኢንፍራሬድ (የደመናውን አናት ሙቀት የሚያሳየው ምስል) ብቻ ነው።

ኢንፍራሬድ ላይ ትልቅነቱን አትዩ፣ ለውጡን እዩ። የደመናው አናት በ20 ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ከነበረበት ከዜሮ በታች 60 ከደረሰ እየፈላ ነው። በተቃራኒው ሰፊና እኩል የቀዘቀዘ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ደመና ያለቀለት ነው፤ ካፊያ ይኖረዋል፣ ውሽንፍር ግን የለውም። ሰዎች የሚደነግጡት በትልቁ ነው፣ አልጋ የሚገለብጠው ግን ትንሹና አዲሱ ነው።

አንድ ቀዳዳ አለው። የእኛ ደቡብ ምዕራብ ተራራማ ስለሆነ ነፋስ ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚዘንብ ዝቅ ያለ ደመና አለ። አናቱ ሞቃት ስለሆነ ኢንፍራሬድ አያስጠነቅቅም። በሱ ምክንያት ለሚመጣ ዝናብ አፕ አትጠብቁ፣ ወደ ዴዶ ተራራ ቀና ብላችሁ እዩ።

---

ጊቤ_ካርታ | ጥቅምት 9፣ ከጧቱ 2፡10

ጋሽ ደመና ያልጠቀሱት አንድ ወሳኝ ነገር አለ፣ ቦታው። ሳተላይቱ ከምዕራብ በሰያፍ ነው የሚያየን። ረጅም ደመና ሲሆን አናቱ ከኋላው ባለው መሬት ላይ ተደርቦ ይታያል፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ። ጅማ ከዜሮ ዲግሪው ሳተላይት ስትታይ እይታው ከቀጥታ ወደ 43 ዲግሪ ያጋደለ ነው። አናቱ 14 ኪሎ ሜትር የደረሰ ደመና (ጅማ ራሷ 1,780 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ከመሬት 12 ገደማ) ምስሉ ላይ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ተንሸራቶ ይቀመጣል።

ይህ ለሰርቦ ቀላል ነገር አይደለም። ሰርቦ ከጅማ በስተምሥራቅ ነው። ስክሪኑ ላይ "ሰርቦ አናት ላይ ነው" የሚመስለው ደመና በእውነቱ ወደ ጅማ አቅጣጫ መሃል መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ከምሥራቅ፣ ከአሰንዳቦ በኩል ለሚመጣ ደመና ደግሞ ይባስ ብሎ አደገኛ ነው፤ ገና ሩቅ ሲመስል ደርሶባችኋል። የአፑ የመንደር ስም ምልክት ትክክል ነው፣ ደመናው ነው የተንሸራተተው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ረጅም ደመና ባያችሁ ቁጥር በአእምሮ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ መልሱት። ወይ ዩሜትቪው ላይ የሕንድ ውቅያኖሱን ሜቴዎሳት ምረጡ። እሱ 45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለቆመ ጅማን ከአናቷ ላይ ሆኖ ነው የሚያያት፤ ለዚያው ደመና ስህተቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ አቅጣጫውም ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ዋጋው ግን አለ፦ በየ10 ደቂቃው ሳይሆን በየ15 ደቂቃው ነው፣ ጥራቱም የቀድሞው ትውልድ ነው።

---

ደመና_ቆጣሪ | ከጧቱ 2፡25

ትክክል ነህ ጊቤ፣ ዘልዬው ነበር። እኔ ብሆን ለቦታ የሕንድ ውቅያኖሱን፣ ለዕድገት ፍጥነት የዜሮ ዲግሪውን እይዝ ነበር። አንዱን ብቻ መያዝ ካለባቸው ለሰርቦ የሕንድ ውቅያኖሱ ይሻላል።

---

ጊቤ_ካርታ | ከጧቱ 2፡31

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ዜሮ ዲግሪው የመብረቅ ካሜራ አለው። እሱን ትቶ መሄድ ከባድ ነው።

---

የመብረቅ_ጆሮ | ከጧቱ 4፡00

ስለ መብረቅ ከተነሳ። በነፃ የሚገኙት ሁለት ምንጮች ናቸው፣ ድክመታቸውም ይለያያል።

ብሊትዞርቱንግ የበጎ ፈቃደኞች የመሬት ተቀባዮች መረብ ነው። መብረቅ የሚያወጣውን የሬዲዮ ሞገድ ብዙ ጣቢያዎች ሲሰሙት፣ የደረሰበትን የሰዓት ልዩነት አስልቶ ቦታውን ያወጣል። ላይትኒንግማፕስና ብዙ የመብረቅ አፖች፣ ዊንዲም ጭምር፣ ከዚህ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ አምስት የመብረቅ አፕ ብታወርድ አምስት ምስክር አላገኘህም፣ አንዱን ምስክር አምስት ጊዜ ነው የጠየቅኸው። በእኛ በኩል ተቀባዩ ጥቂት ስለሆነ ብዙ መብረቅ ያመልጠዋል፣ የያዘውንም ቦታ ያዛባል። ምልክት ካሳየ እመነው፤ ካላሳየ ግን "ሰላም ነው" አትበል።

ሁለተኛው ጊቤ ያለው፣ ሜቴዎሳት 12 ላይ ያለው የመብረቅ ካሜራ ነው። ዩሜትቪው ላይ ይታያል። አፍሪካን በሙሉ ይሸፍናል፣ የመሬት ጣቢያ አይፈልግም። ግን ብልጭታውን ከላይ ስለሚያይ ደመና ውስጥ የቀረውንና መሬት የመታውን አይለይም፤ የቀን ብርሃን ሲበረታም ደካማውን ብልጭታ ይስታል። የ12 ኪሎ ሜትሩ መንሸራተት እሱንም ይመለከተዋል።

ለሠራተኛው ደኅንነት ደግሞ አፕ ሁለተኛ ነው። ብልጭ ካለ ጀምሮ እስኪያጉረመርም ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ከ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ሥራ ይቆማል። የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። የሚጠለሉትም ግድግዳና ጣሪያ ባለው ቤት ወይም በሩ በተዘጋ መኪና ውስጥ ነው። የአልጋው የላስቲክ ዳስ መጠለያ አይደለም፣ ባሕር ዛፉ ሥርማ ጭራሽ።

---

ሰርቦ_ጀንፈል | ከቀኑ 7፡15

በጣም አመሰግናለሁ። ትናንትና ዛሬ ዩሜትቪውን ከፍተን ሰዓቱ ግራ አጋባን፤ "11፡30" ይላል፣ እኛ ጋ ያኔ ሌላ ሰዓት ነው።

---

የቆጪዋ | ከቀኑ 7፡20

ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ነው። የእኛን አቆጣጠር ለማግኘት 3 ቀንስ፣ በቃ። 11፡30 ማለት ከቀኑ 8፡30። (በፈረንጅ ሰዓት 3 ይደመራል፣ ከዚያ በእኛ 6 ይቀነሳል፣ ተጠቃሎ 3 መቀነስ ነው።) ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ 12 ጨምርበት፤ 1፡00 ዩቲሲ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ልክ ዜሮ ከመጣ 12 ሰዓት በለው።

ስልኩ ላይ ያለው አፕ ደግሞ በስልኩ ሰዓት የሚጽፍ ከሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስተያዩ የ3 ሰዓት ልዩነት ያለ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ግድግዳው ላይ በካርቶን ጻፉት፣ በጥድፊያ ሰዓት ሰው ያሳስታል።

---

ጊቤ_ካርታ | ከቀኑ 8፡05

ሰርቦ፣ የእናንተን ቁጥር ይዤ ልሥራው። 24 አልጋ፣ 3 ጥንድ ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ 8 አልጋ፣ በ4 ደቂቃ፦ 32 ደቂቃ። ሰው ለመጥራትና ላስቲክ ለማውጣት 8 ጨምሩ፣ 40። የሚያስፈልጋችሁ 40 ደቂቃ ነው፣ እሱም ትርፍ የለውም።

አሁን ምስሉን እንይ። የሳተላይት ቅኝቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ተሠርቶ አፕ ላይ እስኪወጣም ይቆያል። 20 ደቂቃ ያረጀ ነው ብለን እንያዝ፤ ትክክለኛውን ከምስሉ ሰዓት ቀንሳችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። በ30 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ምስል አንሥታችሁ የደመናው ቀዝቃዛ እምብርት 14 ኪሎ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ነው። ከእናንተ 21 ኪሎ ሜትር ላይ ከታየ 45 ደቂቃ ይቀረዋል ትላላችሁ። ምስሉ ግን 20 ደቂቃ አርጅቷል። የቀራችሁ 25 ደቂቃ ነው፣ የምትፈልጉት 40። አልቆባችኋል።

ስለዚህ መነሻ ክበባችሁ 21 ሳይሆን በዚያ ፍጥነት ቢያንስ 28 ኪሎ ሜትር ነው (60 ደቂቃ)። እኔ 35 አድርጌ እይዘው ነበር፣ ነጎድጓድ በቀጥታ መስመር አይጓዝምና። ከሥሩ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊት ለፊቱ አዲስ ደመና ያስነሳል፣ እሱ ደግሞ ከየትም ሳይመጣ እዚያው አናታችሁ ላይ ይፈላል። ይህን የትኛውም የመንቀሳቀስ ስሌት አይይዝም።

ካርታው ላይ 35 ኪሎ ሜትር ክብ ለማስመር ዊንዲ ውስጥ ርቀት መለኪያ አለ። አንዴ ለኩና በክቡ ጠርዝ ላይ ያሉትን ከተሞች ስም ያዙ፣ በየቀኑ መለካት አያስፈልግም።

---

ሔርማታ_ቴክ | ከቀኑ 8፡40

ታዲያ ሥራውን በግማሽ ማሳጠር አይቀልም? ላስቲኩን በአልጋው አንድ ጎን ቀርከሃ ላይ ጠቅልሎ አስሮ ማቆየት። ከዚያ ጎትቶ መዘርጋት ብቻ ነው፣ አንድ ጥንድ በ4 ደቂቃ ፈንታ 1 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ከአፕ ይልቅ ይህ ያተርፋል።

---

ደመና_ቆጣሪ | ከቀኑ 9፡00

ሔርማታ አሁን ተናገርክ። በዚያ ስሌት 8 አልጋ 12 ደቂቃ ነው፣ ከዝግጅቱ ጋር 20። ምስሉ ያረጀበት 20 ሲጨመርበት 40፤ ከ60 ደቂቃ ወደ 40 ደቂቃ የሚያወርድ አፕ የለም።

ብቻ ላስቲኩ ቡናው ላይ እንዳይተኛ። ቅስት ቀርከሃ ከላይ አድርጋችሁ በጎንና በጎን አየር ይተው፣ አለበለዚያ ከቡናው የሚወጣው እርጥበት መልሶ ይንጠባጠብና ሻጋታ ይጀምራል። ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ግለጡ፤ "ነገ ደግሞ ሊዘንብ ይችላል" ብሎ ሸፍኖ ማሳደር ዝናቡ ከሚያደርሰው ጉዳት አይተናነስም።

---

አጋሮ_ልጅ | ከምሽቱ 12፡50

ስለ ሞዴል ትንሽ። ጧት ጧት ማየቱ ክፋት የለውም፣ ለመጠርጠር ያህል። ግን እነዚህ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ነጎድጓድን በቀጥታ አያሰሉም፣ በፒክስሉ ውስጥ በአማካይ ገምተው ነው የሚያስገቡት። በዚህ ምክንያት የከሰዓቱን ዝናብ ብዙ ጊዜ ቀድመው፣ እኩለ ቀን አካባቢ ያስጀምሩታል። እውነተኛው ዘግይቶ ይመጣል። "6 ሰዓት ላይ ይዘንባል ብሎ አልዘነበም" ብላችሁ 8 ሰዓት ላይ ላስቲኩን አታጣጥፉ።

ሌላ ስህተት ደግሞ አለ። ዊንዲ ላይ ነፋስ ስታዩ የከፍታ መምረጫ አለ። ብዙ የመማሪያ ቪዲዮ "850 ሄክቶፓስካል እይ" ይላል። ያ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ነው፣ ጅማ 1,780 ሜትር ላይ ናት። እዚህ 850 መሬት ውስጥ ነው! የምታዩት ቁጥር ሞዴሉ ፈጥሮ የሞላው ነው። ደመናው የሚነዳበትን አቅጣጫ ለመገመት 700ን (ወደ 3,100 ሜትር) እና 600ን እዩ። በክረምት ደግሞ እጅግ ከፍ ብሎ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የደመናው ስስ አናት ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ዋናው ዶፍ ያለው በቀዝቃዛው ምስል መሃል ሳይሆን ወደ ምሥራቅ ጠርዙ ነው። የመሃሉን አይታችሁ አትለኩ።

ኬፕ (አየሩ ወደ ላይ ለመፍላት ያለው ኃይል) የሚባለውን ቁጥርም ሰው ይወደዋል። 1,000 ጁል በኪሎ ከበለጠ ቤንዚኑ አለ ማለት ነው፣ ክብሪቱን አይነግራችሁም።

---

ጊቤ_ካርታ | ከምሽቱ 1፡05

850ው ላይ እጅህን ሳልይዝ አላልፍም። ስንት ሰው ተሳስቷል መሰለህ።

---

ቦሳ_ቂቶ | ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ ክሩን ልጠልፍ። እህቴ ዳላስ ናት፣ እዚያ ደግሞ አውሎ ነፋስ አለ። ለሷ ራዳርስኮፕ ልበላት?

---

ደመና_ቆጣሪ | ከምሽቱ 1፡55

ለሷ አዎ፣ ሔርማታ የመከረው ለሷ ነው የሚሆነው። የፎርት ወርዝን ጣቢያ ትምረጥ (ኬኤፍደብሊውኤስ)። ምስሉን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ታጥፋው፣ ትንንሹን ዝርዝር ይደመስሳል። መጀመሪያ የዝናብ ብርታት (ሪፍሌክቲቪቲ) ታያለች፤ ከ50 ዲቢዜድ በላይ ኃይለኛ ዝናብ፣ ከ60 በላይ በረዶ መጠርጠር። ከዚያ ፍጥነት (ቬሎሲቲ)፤ ወደ ራዳሩ የሚመጣው አረንጓዴና የሚርቀው ቀይ ተጣብቀው ጎን ለጎን ከታዩ አየሩ እየተሽከረከረ ነው። ሦስተኛው የተመሳሳይነት መለኪያ (ሲሲ) ነው፤ በዚያው በሚሽከረከርበት ቦታ ከ0.8 በታች ከወረደ ራዳሩ ያየው ዝናብ ሳይሆን የተነቀለ ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል።

ግን እያየች እንዳትቆይ። ማስጠንቀቂያው ስልኳ ላይ ሲጮህ ወደ ምድር ቤት፣ ከሌላት መስኮት ወደሌለው የውስጥ ክፍል ትግባ። የስልኩን የአደጋ ጊዜ ማሳወቂያ እንዳታጠፋው፤ ማታ የሚቀሰቅሳት እሱ ነው፣ አፑ አይደለም።

---

የቆጪዋ | ከምሽቱ 2፡10

ሰርቦ፣ ስልኩን አትርሱ። አፑ ጥሩ ሆኖ ማሳወቂያው የማይመጣው በስልኩ ቅንብር ነው። ርካሽ አንድሮይዶች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለውን አፕ ይገድላሉ። ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ፣ ባትሪ፣ አፑን ምረጡ፣ "ያልተገደበ" አድርጉት። የቦታ ፈቃዱን "ሁልጊዜ" አድርጉት፤ ወይም ይሻላል፣ አፑ ውስጥ የሳይቱን ነጥብ በእጅ አስቀምጡና ቦታ መከታተሉን አጥፉት፣ ባትሪም ይተርፋል። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ይዞ ጅማ ሲገባ የጅማን ማሳወቂያ እንዳይቀበልም ያደርጋል።

ለዳታ፦ አኒሜሽን አታጫውቱ። በየ30 ደቂቃው አንድ የቆመ ምስል ክፈቱ፣ ስክሪንሾት አንሡ፣ ካለፈው ጋር አገላብጡ። የተበላውን ዳታ ስልኩ ራሱ በየአፑ ይቆጥራል፤ ከሳምንት በኋላ እዩትና ወስኑ።

መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉት ደግሞ ልክ ዶፉ ሲመጣ ነው። አጋሮ፣ ሰቃ፣ ዴዶ፣ አሰንዳቦ አንድ አንድ ሰው ስልክ ያዙ። "እዚህ ጀምሯል፣ ነፋስ አለው" የምትል ጥሪ ማንኛውንም ሳተላይት ትቀድማለች፣ አላረጀችምና።

---

ሰርቦ_ጀንፈል | ጥቅምት 10፣ ከጧቱ 1፡30

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እንግዲህ የተያዘው፦ ዩሜትቪው የሕንድ ውቅያኖሱ በየ30 ደቂቃው ከ6 ሰዓት ጀምሮ፣ ደመና ሲያድግ የዜሮ ዲግሪው የመብረቅ ካሜራ፣ 35 ኪሎ ሜትር ክብ፣ አራት ስልክ ቁጥር። ሦስቱም አፕ ይጥፋ? ወይስ አንዱ ይቆይ?

---

ደመና_ቆጣሪ | ከጧቱ 2፡00

አታጥፋ፣ ፈትናቸው። 14 ቀን ይበቃል። ደብተር ላይ በየቀኑ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አፑ "ይዘንባል" ብሎ ነበር ወይስ አላለም፣ ዘነበ ወይስ አልዘነበም፣ ብቻ ጻፉ። ለመለኪያ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ሜዳ ላይ አስቀምጡ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሆነ ታችኛው ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ሞልታችሁ ዜሮውን ከዚያ ጀምሩ። 1 ሚሊ ሜትር ካለፈ "ዘነበ" በሉ።

ለምሳሌ 9 ጊዜ ብሎ ዘነበ፣ 3 ጊዜ ሳይል ዘነበ ቢሆን ከ12ቱ 9ኙን ይዟል፣ 75 ከመቶ። 6 ጊዜ ብሎ ካልዘነበ ደግሞ ከ15 ጩኸቱ 6ቱ ሐሰት ነው፣ 40 ከመቶ። (ከ14 ቀን ይበልጣል አትበሉኝ፣ የየቀኑን ከ6 እስከ 12 ያለውን ጊዜ ለሁለት ከፍላችሁ ብትይዙ 28 ነው።) ለእናንተ ያመለጠው ከሐሰት ጩኸቱ ይብሳል። በከንቱ መሸፈን 20 ደቂቃ ነው፣ የበሰበሰ ጀንፈል ግን ደረጃው ወርዶ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ በመያዝ ቁጥሩ የሚበልጠውን አንዱን አስቀሩ፣ ምንም እንኳ ብዙ ቢጮህ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የቀን ትንበያም አንድ ዓምድ ስጡት፣ ከአፖቹ ጎን ተወዳድሮ ይታይ።

---

ሰርቦ_ጀንፈል | ከጧቱ 2፡12

ደብተሩ ዛሬ ይጀመራል። ላስቲኩን ቀርከሃ ላይ መጠቅለሉም እንዲሁ፣ ለ24 አልጋ 24 ቀርከሃ ታዝዟል። ውጤቱን ጥቅምት 24 እዚሁ እለጥፋለሁ።

---

ሔርማታ_ቴክ | ከጧቱ 2፡15

30 እዘዝ፣ ጥቂቱ መሰንጠቁ አይቀርም።